ሰውን በዋጋ መለወጥ፤ ከዐፄ ገላውዴዎስ አዋጅ እስከ ዛሬው ደላላ



የደብራችን ኀምሳኛ ዓመት ሲከበር በሚታተመው በዚህ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት ቃል እንድጽፍ የበዓሉ ኮሚቴ ባዘዘኝ ጊዜ ምን እጽፋለሁ ብዬ ብዙ ቀን አሰብኩ። የደብሩን አተካከልና የታቦቱን አገባብ በዐይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ሳሉ እኔ በሰማሁት ብቻ ብጽፍ ድፍረት ይሆንብኛል። ስለዚህ ያን ለእነርሱ ትቼ፤ ኢዮቤልዩ ከሚለው ከራሱ ከቃሉ ተነሥቼ በዚህ በደጋው አገራችን በኩል ያለፈውን አንድ የቈየ ነገር ልናገር ወደድኩ። ዓ.ም. ብዬ የጻፍኩት የእኛ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ያልኩትም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኢዮቤልዩ በዕብራይስጥ የአውራ በግ ቀንድ ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፤ ያ ቀንድ በኀምሳኛው ዓመት በተነፋ ጊዜ ከድኽነት የተነሣ ራሱን የሸጠ ሰው ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር፤ የተሸጠ ርስትም ለባለ ርስቱ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የከበሮና የጸናጽል፤ የዳቦና የጠላ በዓል ከመሆኑ አስቀድሞ የተሸጠ ሰው ነጻ የሚወጣበት ዓመት ነበረ። እኛ በዓሉን ወርሰን ነጻ ማውጣቱን ረስተን ይሆንን? ይህን ጥያቄ ከራሴ ልብ አላመነጨሁትም፤ አንዲት ባልቴት አመጣችብኝ እንጂ።

ባለፈው ክረምት ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጬ ለተማሪዎቼ ቅኔ ስነግር ባልቴቲቱ መጥታ እጅ ነሣችና «የኔታ፤ ይፍቱኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። ልጇ ሳይነግራት በደላላ ተመርቶ ወደ ዐረብ አገር ተነሥቶ ነበር። ጅቡቲን አልፎ ባሕሩን ተሻግሮ የመን በደረሰ ጊዜ ግን መንገድ እንመራሃለን ያሉት ሰዎች ይዘው በአንድ ግቢ ዘጉበት፤ በስልክም ደውለው ሲገርፉት ጩኸቱን አሰሟት፤ ገንዘብ ካልላክሽ ድምፁን ዳግመኛ አትሰሚውም አሏት። ገንዘብ የላትም። ከመንደሩ በአራጣ የሚያበድር ሰው ግን አለ። «ገንዘቡን ብልክ ሌባን መቀለብ ይሆንብኛል፤ ባልልክ ልጄን ይገድሉታል፤ ኃጢአቱ በማን ላይ ነው?» አለችኝ።

እኔም «እኅቴ፤ መጽሐፍ ልይና በሳምንቱ ተመለሺ» አልኳት። አልተመለሰችም። ሁለቱን በሬዎቿን ሸጣ፤ የጐደለውን በአራጣ ተበድራ፤ በሦስተኛው ቀን ላከች። መጽሐፍ እስኪገለጥ የሚቈይ ልጅ አልነበራትም። ስለዚህ ይህ የምጽፈው ጽሑፍ በጊዜው ያልሰጠሁት መልስ ነው።

መጀመሪያ የገለጥኩት ፍትሐ ነገሥትን ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በግብጽ አገር የቅብጥ ሊቅ ኢብን አልዐሳል በዐረብኛ ያሰባሰበው፤ በኋላም በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ ተብሎ የሚነገርለት፤ 51 አንቀጽ ያለው መጽሐፍ ነው። እስከ 1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድረስ በአገራችን ዳኛ የሚፈርድበት፤ የነፍስ አባትም ንስሓ የሚሰጥበት ዋናው የተጻፈ ሕግ እርሱ ነበረ። በ31ኛው አንቀጹ ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት ይናገራል። በዚያም የሚያስተምረው ነጻነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ የተሰጠ መሆኑን፤ ባርነት ግን ከጦርነትና ከኃይለኞች ጕልበት የመጣ መሆኑን ነው። ባርያን ነጻ ማውጣትም ታላቅ ምጽዋት እንደ ሆነ ያመለክታል፤ ምእመን የሆነውን ባርያ ለኢአማኒ መሸጥንም ይከለክላል።

በተማሪነቴ ይህን አንቀጽ ስንሰማ መምህራችን ጥቂት ዝም ብለው «ልጆቼ፤ ሕጉ እውነቱን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ዋጋውንም ይጽፋል» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። መጽሐፉ ሰው በተፈጥሮው ነጻ ነው ካለ በኋላ ወዲያው ስለ ባርያ መግዛትና መሸጥ ሥርዓት ይሠራል። አባቶቻችን ካህናትም ቢሆኑ ባርያ አልነበራቸውም ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር ውሸት ይሆንበታል። ገብረ ማርያም፤ ገብረ ሚካኤል፤ አመተ ሥላሴ ተብለን በጥምቀት ስንሰየም በባርነት ስም ደስ እያለን፤ ጎረቤታችንን ግን ባርያ ብለን የሰደብንበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ከዚሁ ከፍትሐ ነገሥት ጋራ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉን ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1968 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ፋኩልቲ በኩል ያሳተመው ሰው የካቶሊክ ካህን ነበረ፤ እርሱም አባ ጳውሎስ ጻድዋ ነው። በኤርትራ ተወልዶ በሚላኖ ከተማ ሕግ የተማረ፤ በኋላም የአዲስ አበባ የካቶሊካውያን ሊቀ ጳጳስ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካርዲናል ሆኖ በ2003 እ.ኤ.አ. ያረፈ ሊቅ ነው። በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት እኛና እነርሱ በሃይማኖት እንለያያለን፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን የእኛን ሕግ ለዓለም ያስነበበ ከእነርሱ ወገን የሆነ ሐበሻ መሆኑን ሳስብ፤ ስለ ሰው መሸጥ ጉዳይ የእነርሱንም መጽሐፍ መመርመር እንደሚገባ ተረዳሁ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከእኛ ከደጎሎ ተነሥቶ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ሳይንት የዘለቀ ሰው ተድባበ ማርያምን ያውቃታል። የዚያች ደብር ሥራ ከዐፄ ገላውዴዎስ ስም ጋራ የተያያዘ ነው፤ በመጋቢት 1551 ዓ.ም. ከአዳሉ ከኑር ጋራ ሲዋጋ በወደቀ ጊዜም ራሱ ወደ ሐረር ተወስዶ ሥጋው በዚያች ደብር ተቀበረ። ይህ ንጉሥ መንግሥት በያዘ ጊዜ በዕድሜው ገና ወጣት ነበረ፤ አገሩም በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥሎ ነበር። በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ግራኝ ከሞተ በኋላ ንጉሡ ያገኘው አመድና ባዶ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ በየባሕሩ ማዶ ተሸጦ ነበር። ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ክርስቲያኑ ራሱ ክርስቲያን ወንድሙን እየሰረቀ ለነጋዴ መሸጡን አልተወም ነበር።

ስለዚህ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1548 እ.ኤ.አ. በግእዝ ቋንቋ አዋጅ አወጣ። አዋጁ በነጻነት የተወለደውን ክርስቲያን ባርያ ማድረግንና መሸጥን የሚከለክል፤ የሻጩንም ቅጣት የሚወስን ነበረ፤ መሠረቱም ፍትሐ ነገሥት ነበረ። እነሆ፤ ነጻነት በተፈጥሮ ነው የሚለው ትምህርት ከመጽሐፉ ወጥቶ በገበያ ላይ የታወጀበት ዘመን ይህ ነው።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ አዋጁን ሙሉ ነው አልልህም። የጠበቀው ክርስቲያኑን ብቻ ነውና። ያልተጠመቀውን፤ ከዓባይ ማዶ የተማረከውን፤ የእስላሙንም ልጅ አልጠበቀም። እኔ በወሎ የተወለድኩ ነኝ። በዓሌን አብሮኝ የሚያከብር፤ በሐዘኔ ከቤቴ የሚያድር እስላም ጎረቤት አለኝ። ይህን ሰው ከሕጉ ጥላ ውጭ የሚያስቀር አዋጅ በንጉሥ ዘንድ ምንም ታላቅ ቢሆን፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግማሽ ነው እላለሁ። ይህን በማለቴ የሚቈጣኝ ቢኖር ከፍትሐ ነገሥት 31ኛውን አንቀጽ ይግለጥ፤ በዚያ ነጻነት የሰው ሁሉ ነው ይላል እንጂ የተጠመቀ ሰው ብቻ ነው አይልም።

በዚያው ዘመን በሮም ምን ይደረግ ነበር? የሮም ሊቀ ጳጳሳት ኒቆላዎስ 5ኛ በ1452 እ.ኤ.አ. ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፉት ደብዳቤ ከክርስትና ውጭ የሆኑትን እየወጋ ለባርነት እንዲያስገዛ ፈቅደውለት ነበር። የእኛ ንጉሥ አዋጁን ባወጣበት ዘመን ከግቢው የነበሩት ፖርቱጋሎች ወገኖቻቸው በምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ሰው እየጫኑ ይነግዱ ነበር። ነገር ግን ከገላውዴዎስ አዋጅ 11 ዓመት ቀድሞ፤ በ1537 እ.ኤ.አ. ጳውሎስ 3ኛ የተባሉት የሮም ሊቀ ጳጳሳት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን፤ ምንም እንኳ ክርስቲያኖች ባይሆኑ ነጻነታቸውንና ገንዘባቸውን ማንም ሊወስድባቸው እንደማይገባ በደብዳቤ አስታወቁ። ልብ በሉ፤ ክርስቲያኖች ባይሆኑም ይላል። በዚህ ነገር የሮሙ ደብዳቤ ከእኛ አዋጅ ሰፋ ያለ ነው። ሆኖም ደብዳቤው ባሕሩን ተሻግሮ ስንኳን አልተፈጸመም፤ የአፍሪቃ ሰው ወደ አሜሪካ መጫኑ ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቈየ። ግሪጎርዮስ 16ኛ የባርያን ንግድ በ1839 እ.ኤ.አ. አወገዙ፤ ሊዮን 13ኛም በ1888 እ.ኤ.አ. ለብራዚል ጳጳሳት ስለዚሁ ጻፉ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 እ.ኤ.አ. ሴኔጋል ወደምትገኘው ወደ ጎሬ ደሴት ሄደው፤ ክርስቲያኖች ስለ ሠሩት ግፍ ይቅርታ ለመኑ። የ1452ቱን ደብዳቤ ሐሳብ ደግሞ ቫቲካን በግልጥ የማይቀበለው መሆኑን ያስታወቀው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። የተጻፈው እስኪሻር 571 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እኛም በእነርሱ ለመፍረድ አንቸኩል፤ የራሳችንን ቍጥር ገና አልቈጠርንም።

ለቅኔ ትምህርት በልጅነቴ ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ስወርድ የሄድኩበት መንገድ የምን መንገድ እንደ ነበረ ያን ጊዜ አላወቅሁም። አኵፋዳዬን ተሸክሜ፤ ቍራሽ እየለመንኩ፤ ውሻ እየፈራሁ ብቻ አልፌዋለሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎጃም ባሶ የሚባለው ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ባሮች የሚሸጡበት ታላቅ ገበያ ነበረ። ከዚያ የተገዙት ከፊሎቹ ወደ ጎንደር ይወጡ ነበር፤ ከፊሎቹም ዓባይን ተሻግረው ይህን የወሎን ደጋ አቋርጠው፤ ቈላውንና የአፋርን በረሓ አልፈው ወደ ታጁራ ወደብ ይወርዱ ነበር። ከታጁራም በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ነጋዴው ክርስቲያንም እስላምም ነበረ፤ ገዢውም እንዲሁ።

ዛሬ ወጣቶቻችን የሚሳፈሩባት ኦቦክ ከታጁራ ጋራ በአንድ ባሕረ ሰላጤ ዳር ናት። ያ መንገድ አልተዘጋም፤ የተጓዡ ስም ብቻ ተለወጠ። ጥንት ባርያ ይባል ነበር፤ ዛሬ ስደተኛ ይባላል። ጥንት ገመድ በአንገቱ አግብተው ይነዱት ነበር፤ ዛሬ ግን የመሄጃውን ዋጋ ራሱ ከፍሎ፤ ለእናቱ ሳይነግር፤ በሌሊት ይነሣል። በቅኔ ቤት ሰሙና ወርቁ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለን ነበር፤ በሰው ላይ ሲሆን ግን ያስለቅሳል።

ባልቴቲቱ የጠየቀችኝ ጥያቄ በዚያ ዘመንም ተጠይቆ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ የመጡ የካቶሊክ መልእክተኞች የባርያ ልጆችን ከነጋዴ እጅ በገንዘብ እየገዙ ነጻ ያወጡ፤ ያስተምሩም ነበር። ይህን ያዩ ሌሎች ሰዎች «ገዢ በበዛ ቍጥር ሻጭ ይበዛል፤ እናንተ በምሕረት የምትከፍሉት ብር ነገ ሌላ ልጅ ያሰርቃል» እያሉ ነቀፏቸው። ነቀፌታውም ከንቱ አልነበረም። ስለዚህም የአልጄሱ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ላቪጅሪ በ1888 እ.ኤ.አ. በኤውሮፓ ከተሞች እየዞሩ፤ ባርያን ከመዋጀት አልፎ ንግዱን ከሥሩ መቍረጥ እንደሚገባ ሰበኩ።

ነገር ግን መዋጀቱ ኃጢአት ነውን? በዚህ ጉዳይ የቀደሙትን አባቶች ፈለግሁ፤ እነርሱም ከኬልቄዶን ጉባኤ አስቀድሞ የነበሩ ስለ ሆኑ የእኛም የሮማውያንም አባቶች ናቸው። የቅርጣግናው ቆጵርያኖስ በ253 እ.ኤ.አ. ገደማ በሽፍቶች የተማረኩትን የኑሚድያ ምእመናን ለመዋጀት ከሕዝቡ 100000 የሮም ብር ሰብስቦ ላከ። የሚላኖው አምብሮስዮስ ደግሞ በ378 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የአድርያኖፕል ጦርነት በኋላ የተማረኩትን ለማስለቀቅ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አስቀልጦ ወርቁን ሰጠ፤ አርዮሳውያን ስለዚህ ሲከሱትም አልተጸጸተም። በ1198 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የሥላሴ ማኅበር፤ በ1218 እ.ኤ.አ. በእስጳንያ የመርሴድ ማኅበር የተባሉ ሁለት የመነኮሳት ማኅበሮች የተመሠረቱት ምርኮኛን ለመዋጀት ብቻ ነበር፤ የመርሴድ መነኮሳትም ገንዘብ ቢያልቅ በምርኮኛው ፈንታ ራሳቸው እስረኛ ሆነው ለመቅረት ይሳሉ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ቤዛ የከፈለውን ሰው ኃጢአተኛ አላለውም። ኃጢአቱ ቤዛ በሚቀበለው ላይ ነው። ለነገሩ እኛ በየቀኑ ክርስቶስን ቤዛ እያልን እየጠራን፤ የተማረከ ልጇን የምትዋጅ እናት በደለች ብሎ የሚፈርድ ከማን ወገን ነው? እንግዲህ እኅቴ፤ ይህ ጽሑፍ ቢነበብልሽ፤ በሬዎችሽን በመሸጥሽ ንስሓ የለብሽም። ዘግይቶ ለመለሰልሽ ለእኔ ግን አለብኝ።

የአራጣው ነገር ሌላ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በ17ኛው ቀኖናቸው በአራጣ የሚያበድር ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ወስነዋል። በሮም ወገን በ1179 እ.ኤ.አ. በላተራን የተደረገው ጉባኤ በግልጥ የታወቀ አራጣ አበዳሪ ሳይመለስ ቢሞት በክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበር አዘዘ። እኛ ዘንድ ግን አራጣ አበዳሪው ከማኅበር ቀድሞ ይቀመጣል፤ ልጁም ሲዳር ካህናቱ ሁሉ ይጠራሉ። ራሴንም አልለይም፤ እኔም ተጠርቼ በልቻለሁ።

ታሪኩን ለመፈጸም የመንግሥቱን ሕግ ባጭሩ ላንሣ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ ባርነትን እንድታጠፋ ቃል ሰጥታ ነበርና፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በመጨረሻም ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ ታወጀ። በመካከሉ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ባርያ ነጻ አወጣለሁ የሚለውን ቃል ለወረራው ሽፋን አድርጋዋለች፤ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተርም በጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. ያን ዘመቻ በስብከት አመስግኗል። ነጻ አወጣለሁ ያለው ጦር ግን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን ረሸነ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ። መልካም ቃል በክፉ ሰው አፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። የአምብሮስዮስ መንበር ደግሞ ያው የሚላኖ መንበር መሆኑ ይገርመኛል።

አዋጁ ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፏል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወሮች ውስጥ ከ160000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረብያ ተባረው ተመለሱ፤ ከእነርሱም ውስጥ የወሎ ልጅ ብዙ ነበረ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ በሊቢያ በረሓና በባሕር ዳር ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች የተገደሉበት ሥዕል ለዓለም ታየ፤ ደጎሎም እንደ አገሩ ሁሉ አለቀሰች። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 909ን፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ እርሱን የተካውን አዋጅ ቍጥር 1178ን በሰው ነጋዴዎች ላይ አውጥቷል። በሮምም ያረፉት ፍራንቸስኮስ ኅዳር 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ከአንግሊካን፤ ከኦርቶዶክስ፤ ከእስልምና፤ ከአይሁድ፤ ከሂንዱና ከቡድሃ መሪዎች ጋራ ተቀምጠው የዘመኑን ባርነት እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት እንዲተጉ ፈርመው ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ባርነቱ ግን አላለፈም። ቢሆንም ያን ፊርማ አልንቀውም። ገላውዴዎስ ክርስቲያኑን ብቻ የጠበቀበትን አዋጅ ያነበበ ሰው፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ወረቀት ላይ ስለ አንድ ምርኮኛ ሲፈርሙ ማየቱ ምን ያህል መንገድ እንደ ሆነ ያውቃል። ካቶሊካውያን በየዓመቱ በየካቲት 8 ቀን እንደ ኤውሮፓ ቍጥር ስለ ተሸጡ ሰዎች የሚጸልዩት በባኪታ መታሰቢያ ነው፤ እርስዋም በዳርፉር ተወልዳ በልጅነቷ ተሰርቃ ብዙ ጊዜ የተሸጠች፤ በ1889 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ ፍርድ ቤት ነጻ መሆኗ የተፈረደላት፤ በኋላም መነኵሲት የሆነች ናት። ከመሸጧ የተነሣ ወላጆቿ ያወጡላት ስሟ ጠፍቷት ነበር፤ ባኪታ ብለው የሰየሟት ሰራቂዎቿ ናቸው።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። የቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ በተለወጠ ጊዜ ብዙው ገንዘብ የመጣው በዐረብ አገር በሰው ቤት እያገለገሉ ከሚኖሩ ልጆቻችን ነው። ያ ገንዘብ የላብ ገንዘብ ነው፤ እግዚአብሔር ይቀበለዋል። ነገር ግን ለዚህ በዓል ዝግጅት ሲደረግ አንድ ሰው የወርቅ ዘቦ ያለው ጃንጥላና ሰፊ ምንጣፍ ይዞ መጣ። የዚህ ሰው ሥራ ወጣት እየሰበሰበ ለባሕር አሻጋሪ ማስረከብ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ስሙን አልጽፍም፤ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። በጉባኤው ላይ ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። ከፊሎቹ «ለታቦት የመጣ ስለት አይመለስም» አሉ። እኔም ዲድስቅልያን አንሥቼ፤ ድኻን ከሚገፉና አገልጋይን ከሚያስጨንቁ፤ አራጣም ከሚበሉ ሰዎች መባ እንዳይቀበሉ ሐዋርያት ጳጳሳትን ያስጠነቀቁበትን ክፍል አነበብኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ አለቃው ስለቱን መለሱት።

ደስ ያለኝ አንድ ወር ብቻ ነው። በጥምቀት ቀን ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ያን ጃንጥላ በሌላ አጥቢያ ታቦት ላይ ተዘርግቶ አየሁት፤ ፀሐዩም በዘቦው ላይ ያበራ ነበር። ከሥሩ የሚሄደውን ካህን አውቀዋለሁ፤ መልካም ሰው ነው፤ ሳላናግረው አለፍኩ።

የባልቴቲቱ ልጅ ከእስራቱ ወጥቶ ወደ ሳዑዲ ጠረፍ ደርሷል ይባላል። በሬ ስለሌላት ዘንድሮ እርሻዋን እስላም ጎረቤቷ ከራሱ አስቀድሞ አረሰላት። አራጣው ግን በየወሩ ይጨምራል። በአጥቢያችን እንዲህ ያለ ዕዳ የተጫነባቸው ቤቶች እርስዋ ብቻ አይደሉምና፤ የበዓሉ ድግስ አንዱ ክፍል ቀርቶ ገንዘቡ ለዚህ ዕዳ መክፈያ እንዲውል፤ አበዳሪዎቹም ዋናውን ብቻ ተቀብለው ወለዱን እንዲተዉ በነፍስ አባቶቻቸው በኩል እንዲጠየቁ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።